ስፖንዳውን የያዙ ጣቶች

ቦሎኛ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሼ ገዛኸኝ፣ መርሳ

ነሐሴ ስድስት ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ግራ እጄ የኢሱዙዎን የጎን ስፖንዳ ይዞ ነበር። እርስዎ መሬት ላይ ቆመው ጣቶቼን ከብረቱ ላይ አንድ በአንድ አላቀቁ። ነገሬ የተበላሸው እዚያች ላይ ነው።

መድፉ ከመናኸሪያው ጀርባ ወድቆ ፍንጣሪው ወገቤ ውስጥ የገባው ከዚያ በፊት ነው። እግሬ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእኔ አይደለም። ለመድፉ ግን ቂም የለኝም፤ መድፍ ስሜን አያውቅም። ስሜን ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት።

ተሸክመው መኪናው ላይ የጫኑኝም እርስዎ ነዎት፤ ይህን አልክድም። ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ ሁለተኛው መድፍ ወደቀ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቆሙና አወረዱኝ። ጋቢዎን ፊቴ ላይ ሳቡት። «ከእናቷ ጎን ትረፍ» ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። መኪናው ላይ ስጮህ ድምፄ አልቆ ነበርና ከጋቢው ሥር ምንም አልወጣኝም።

ያነሳችኝ ቶይባ ናት፤ የግራና ከተማዋ ሽንኩርት ነጋዴ፣ ያውቋታል። አህያዋን እየነዳች ስትሸሽ ጋቢው ሲንቀሳቀስ አየች። ስትገልጠኝ መጀመሪያ የወጣኝ ቃል ስድብ ነበር። «ያ አላህ! ይቺ ሬሳ ትሳደባለች» አለች። እሷና ወንድሟ ሙባረክ በቃሬዛ ግራና አደረሱኝ፤ ከዚያ በተራራ በተራራ፣ በአምስተኛው ቀን ደሴ ሆስፒታል። የቀረውን እህቴ ዮርዳኖስ ነግራዎታለች፤ ወደ እሷ ወደ ጣሊያን የመጣሁት በሕክምና ነው።

ታኅሣሥ ላይ የመርሳ ስልክ ሲከፈት ደወልን። መቀበሬን ሰማሁ። «መድፍ እየወረደ በገዛ እጄ ቀበርኳት» ብለው ለቅሬው፣ ለቀብር ማኅበራችን፣ ተናግረዋል። ቅሬው ለቅሶ ተቀምጦልኛል። ከእናቴ ጎን ስሜ የተጻፈበት ድንጋይ አቁመዋል።

አሁን በዮርዳኖስ ስልክ «ልጄን ድምፅዋን አሰሙኝ» ይላሉ። ድምፄን ያን ቀን በደንብ ሰምተውታል። ይልቅ በወረቀት ይጻፉልኝና ፎቶውን ይላኩ። ወረቀት አያለቅስብኝም፣ አያቋርጠኝም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ያላቀቁት የትኛውን ጣቴን ነው?

ሮማን


መርሳ፣ ግንቦት 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሮማን

ከሞት መንጋጋ ያወጣሽ አምላክ ስሙ ይክበር፤ ያለሽበትን አገር ምድሩን ያለስልስልሽ፣ ሰዉን ያራራልሽ። እኛ ከጎደለው ሰውና ከተዘረፈው ቤት በቀር አለን። ባለቤቴ፣ እትዬሽ ራሄል፣ ዓይንሽን ትስማለች።

ልጄ፣ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያን ቀን አንቺ በራስሽ አልነበርሽም። ደምሽ በመኪናው ወለል ላይ እየፈሰሰ ሰው እግሩን ያነሳ ነበር። አርባ ሰው ነው የጫንኩት። «ሬሳ ይዘህ ኬላ አታልፍም፣ አውርዳት!» ብሎ ሰዉ ጮኸብኝ። ትንፋሽሽን አዳመጥኩ፤ አልነበረም። በባዕድ መንገድ ዳር አፈር ከምትለብስ በደብሯ፣ በእናቷ ጎን ትሁን አልኩ። እጅሽ ምንም አልያዘም። ሕመም ያሳየሽ ነው። ውርጌሳ ላይ መንገድ ተዘግቶ፣ መኪናውን ደብቄ በእግሬ ስመለስ በበሩ ላይ የለሽም፤ አንድ ደግ ሰው ቀብሯታል ብዬ አሰብኩ። ለቅሬው የተናገርኩት ሰው እንዲጽናና ነው።

ሕያው መሆንሽ ሲሰማ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ደምሴ በሰው ፊት አስነሳኝ። «ገዛኸኝ ያልሞተች አስለቀሰን። ከዛሬ ጀምሮ እሳት አንጭርለትም፣ ከቤቱ ሬሳ አናነሳለትም» አለ። እኔ ለአርባ ዓመት የማላውቀውን ሰው ሬሳ ሁሉ የተሸከምኩ ነኝ።

ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ። የተበዳይ የይቅርታ ቃል ያስፈልገኛል፤ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ፣ ወረቀቱን በገዛ እጄ ለዳኛው አቀርባለሁ። ሁለት መስመር ይበቃል። ራሄል ኩላሊቷን ታማለች፤ የፈራሁት ለእሷ ነው።

ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ ከሰው ጋር በሰይፍ ትዋጋለች አሉኝ። ልጄ፣ ያየነው ጦርነት አልበቃሽም?

አጎትሽ ገዛኸኝ


ቦሎኛ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጋሼ ገዛኸኝ፣ እንደምን ከረሙ? እትዬ ራሄልን እግዚአብሔር ይማርልኝ። በያዝኩት ስፖርት ሰላምታ ግዴታ ነው፤ ብረቱን ወደ ፊቱ አንሥቶ ባለጋራውን ሰላም ሳይል የጀመረ ይቀጣል። ሰላም ብያለሁ።

ሻሞላ ነው። ሁለት ሰዎች በየወንበራቸው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ወንበሮቹ ከብረት መደብ ጋር በመያዣ ጥርስ ይታሰራሉ። ጎማው ንቅንቅ አይልም። በእግራቸው የሚገጥሙት ሲጠቁ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። እኛ መሸሻ የለንም። ያለን ወገብ ነው፤ እኔ ደግሞ እሱም ግማሹ የለኝም። ጫፉ የደነዘዘ ቀጭን ብረት በአንድ እጅ፣ ወንበሩ በሌላው እጅ። ብረቱ ከወገብ በላይ የትም ቢያርፍ መብራት ይበራል፤ ነጥብ ነው።

አሠልጣኜ ሁለት እግሩ ከጉልበት በታች የሌለ ሽማግሌ ነው። መጀመሪያ ቀን ግራ እጄን አገላብጦ አየ። «እነዚህ ሁለት ጣቶች ምን ሆነው ነው የተጣመሙት?»

«ሰው ሰበራቸው» አልኩት።

«ጥሩ ሰብሯቸዋል። መንጠቆ ሆነውልሻል። ወንበሩን በእነሱ ያዢ፤ ግራሽ ከለቀቀ አለቀልሽ።»

በመጀመሪያው ወር ሁለት ብረት ሰበርኩ። ሲሞና የምትባል ልጅ ደረት ላይ እንቁላል የሚያክል ሰማያዊ እብጠት አወጣሁ። ዳኛው በቢጫ ካርድ አስጠነቀቀኝ። ሲሞና በማግስቱ መጥታ ሸሚዟን ገለጥ አድርጋ «ዛሬ በሌላኛው በኩል ምቺኝ፣ እንዲመጣጠን» አለችኝ። ሳቅሁ። ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ሳቅ ነበር። ከዚያ ከንፈሬ እስኪፈነዳ መታችኝ።

«ጦርነት አልበቃሽም ወይ» ብለውኛል። ጦርነት በጀርባዬ መጣ። ይሄኛው በፊቴ ይመጣል።

አንድ ሕግ አለ፣ እሱን ስሰማ ማልቀስ አምሮኝ ነበር። ከመጀመራችን በፊት ክንዳችን ይለካል። ርቀቱን የምትመርጠው ክንዷ ያጠረው ናት። ረጅሟ ምንም ብትል አይሰማላትም። በመርሳ መንገድ ላይ ርቀቱን የመረጠው የመኪና ቁልፍ በእጁ የያዘው ነበር።

«ሰዉ ጮኸብኝ» ይላሉ። «ትንፋሽ አልነበረሽም» ይላሉ። ትንፋሽ የሌላት ሴት ጣት ለምን ይሰበራል? ይቅርታ ከመጠየቅዎ በፊት የጠየቅኩትን ይመልሱ።

ሮማን


መርሳ፣ ኅዳር 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮማን፣ ሰላመ እግዚአብሔር ካለሽበት ድረስ ይከተልሽ። ዛሬ በሕይወት ቁጭ ብዬ እጽፍልሽ ዘንድ የፈቀደ ይመስገን።

ዘግይቻለሁ። ልመልስ ስል ነሐሴ ገባ፤ ነሐሴ ደግሞ እኛ አገር የሚያመጣውን ታውቂያለሽ። እንደገና ጀመሩት። ከቆቦ በኩል መድፉ ሌት ተቀን ይነጉድ ነበር። ኢሱዙውን ይዤ ቁስለኛ ለማመላለስ ገባሁ፤ ከጎብዬ ወልድያ። ማንም አላስገደደኝም። በሦስት ምልልስ አሥራ አራት ሰው ጫንኩ። አንዱ አንጀቱን በፎጣ ይዞ ነበር፤ «ጋሼ፣ ጉድጓዱን ቀስ በል» ይለኛል። ሦስቱ መንገድ ላይ ሞቱብኝ። ሬሳቸውን አላወረድኩም፤ ከቁስለኛው ጋር ወልድያ ድረስ ይዤ ገባሁ። ይህን እንድታውቂልኝ ነው።

በአራተኛው ምልልስ ጥይት ነዳጅ ጋኑን አገኘው። ከጋቢናው ዘልዬ ወጣሁ። ከኋላ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱን ጎትቼ አወጣሁ። ሁለተኛውን ክንዱን ስስበው ቆዳው በእጄ ቀረ። ስፖንዳውን ይዞ ነበር። ይዞት ነደደ። ልጄ፣ እኔ ያን እጅ በየቀኑ አየዋለሁ።

ስለ ጣት ግን አትጠይቂኝ። እባክሽ።

ራሄል ብሶባታል። ፊቷ አብጦ ዓይኗ አይገለጥም። የወልድያ ሐኪም ደሴ ውሰዳት ይለኛል፤ በምን ልውሰዳት? መኪናው ዐመድ ነው። ጎረቤት የሚጠይቃት የለም፤ ቅሬውን ይፈራል። ከአጥር ውጭ ቆመው «ማርያም ትማርሽ» ብለው ያልፋሉ። አንቺን በጡቷ ባይሆን በእጇ ያሳደገች ሴት ናት። እሷ ምን በደለችሽ? «ይቅር ብያለሁ» ብለሽ ጻፊ። ሁለት መስመር አልኩሽ፣ አሁን አንድ ይበቃኛል።

ገዛኸኝ


ዋርሶ፣ ጥር 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጋሼ ገዛኸኝ፣ ጤናና ዕድሜ ለእትዬ ራሄል። ለእርስዎ ደግሞ እውነት የሚናገር አፍ።

የምጽፈው ከፖላንድ ነው። ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ነኝ። ስሜን ሲጠሩ ከኋላው አገሬን ጠሩ። ቡድኑ በሙሉ እኔ ነበርኩ፤ ከጎኔ ያ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ብቻ።

ትናንት ከአንዲት የሃንጋሪ ሴት ጋር ታሰርኩ። አሥር ዓመት የገጠመች ናት፤ ክንዷ ከእኔ ስንዝር ይረዝማል። ዳኛዋ ለክታ ወደ እኔ ዞረች፦ «ርቀቱን ምረጪ»። የራሴን መረጥኩ፤ ቅርቡን። ሴትዮዋ በጭምብሏ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። ቅርብ ማለት ሁለታችንም የማንስተው ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ነጥቦች ሁሉ እሷ መታችኝ። ደረቴን፣ ክንዴን፣ ጭምብሌን፣ እንደገና ጭምብሌን። ብረት ፊት ላይ ሲያርፍ ጆሮ ውስጥ ደወል ይደወላል። በስድስተኛው ግራ እጄ ላበው፣ አንሸራተተኝ፤ በጎኔ ተንጠለጠልኩ። ስትመታኝ ብረቷ ብብቴ ሥር ገብቶ ትንፋሼን ቀጥ አደረገው። አሠልጣኜ ከዳር «መንጠቆሽ!» ብሎ ጮኸ። እነዚያን ሁለት ጣቶች ብረቱ ላይ አጠለቅኳቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አላላቀቃቸውም።

ስትመጣ ጠበቅኳት፤ ክንዷ ሳይዘረጋ ክርኗ ላይ ወጋኋት። ደገምኳት። ረጅም ክንድ በጠባብ ቦታ ሸክም ነው። አሥራ አራት እኩል ሆንን። በመጨረሻው ሁለታችንም አንድ ላይ ገባን፤ ብረቴ አንገቷ ሥር ቀስት ሆኖ ጎበጠ፣ የእሷ በትከሻዬ አልፎ ሄደ። መብራቱ የእኔ ብቻ በራ። ጭምብሌን ሳወልቅ አፌ ደም ነበር። እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝና «አንቺ ክፉ ነሽ» አለችኝ፤ እንደ ምስጋና ነው ያለችው። ቀጣዩን 15 ለ 6 ተሸነፍኩ። አሁን ደረቴ ላይ አሥራ ዘጠኝ ቦታ ጠቁሯል።

የጫኗቸውን አሥራ አራት ሰዎች አከብራለሁ። በእነሱ ግን እኔን አይለውጡኝም። የእኔ መልስ የሚገኘው ከእኔ ጣት ነው።

እትዬ ራሄል የእርስዎ መያዣ አይደለችም። ከዚህ ጋር ሌላ ወረቀት አለ፤ በፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመው ዛሬውኑ ለጋሽ ደምሴ ይስጡ። ሥርዓቱ የተበዳይ ቃል በበዳይ እጅ ይግባ ስለሚል ነው በእርስዎ በኩል የላክሁት።

ሮማን

(ወረቀቱ፦) ለቅሬው ዳኛ ለአቶ ደምሴ። እኔ ሮማን በሕይወት አለሁ። ወ/ሮ ራሄል በደል የለባትም። ስትታመም ጠይቋት፤ ብትሞት ቅሬው በሙሉ ወጥቶ ይቅበራት። ባሏን በተመለከተ ነገሬ ገና ነው።


መርሳ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ሮማን፣

ሰላምታ የምሰጥበት አፍ የለኝም።

ራሄል መጋቢት 17 ቀን ጠዋት አረፈች። ጡሩንባ ነፊው በደጄ አልፎ ሄደ፤ አልነፋም። እስከ ስድስት ሰዓት ከሬሳዋ ጋር ብቻዬን ተቀመጥኩ። ከዚያ ቶይባ መጣች። ከግራና ነው በእግሯ የመጣችው፤ ማን እንደነገራት አላውቅም። ሙባረክና ሁለት ጎልማሶች አካፋ ይዘው ከኋላዋ። «ቅሬው ይቀየምሻል» አልኳት። «ጋሼ፣ እኔ ሕያው ሬሳ ያነሳሁ ሴት ነኝ፤ የሞተ አይከብደኝም» አለችኝ። ራሄልን አጥባ ገነዘቻት። ሙባረክ ቆፈረ። ቄሱ ፍትሐት አደረሱላት። ስድስት ሰው ሆነን ቀበርናት። የመርሳ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ያያል። ጋሽ ደምሴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ነበር፤ አልተጠጋም።

ወረቀትሽ የዚያን ጊዜ በኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። በጥር አሳትሜዋለሁ። አልሰጠሁም። እሷን ፈትቶ እኔን አስሮ የሚያስቀር ወረቀት ነበር። ሕመሟ ሲጠና ልብሽ ራርቶ ሌላ ትጽፊያለሽ፣ ሁለታችንም እንገባለን ብዬ ጠበቅኩ። ለእሷ ያለሽን ፍቅር ተማምኜ ነው ያቆየሁት። ስትሞት «ልጄ አልጻፈችም?» ብላ ጠየቀችኝ። «አልጻፈችም» አልኳት።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ።

አውራ ጣትሽ ነው። መጀመሪያ አውራ ጣትሽን፣ ከዚያ ትንሿን። ሌባ ጣትሽ ራሱ ለቀቀ። ሁለቱ መካከለኞቹ እንቢ አሉኝ። ወደ ኋላ አጠፍኳቸው። ሲሰበሩ ሰማሁት፤ በዚያ ሁሉ መድፍ መሐል ሰማሁት። የሞተ ሰው ጣት እንደዚያ አይዝም። አውቄ ነበር።

ማንም «አውርዳት» አላለኝም። መኪናው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነበር። የምትጮኺው አንቺ ብቻ ነበርሽ። እናትሽ፣ እህቴ፣ አንቺን ስትወልድ ልክ እንደዚያ ጮኻ ነው የሞተችው፤ ከበሩ ውጭ ሆኜ ሰምቻታለሁ። ድምፁ አንድ ነው። መንዳት አቃተኝ። ድምፁን ላወርደው ነው የፈለግኩት። አንቺን ሳይሆን ድምፁን።

ሌላ የምለው የለኝም። የፈለግሽውን ጻፊ።

ገዛኸኝ


ቦሎኛ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይህን ደብዳቤ በቶይባ ስልክ ነው የላክሁት። እሁድ ቅሬው ሲሰበሰብ እሷ ይዛው ትቆማለች፤ ሙባረክ ያነብበዋል። እርስዎም ከሰዉ ጋር ሆነው ይሰሙታል።

የእትዬ ራሄልን ሞት ያነበብኩ ቀን አዳራሽ ሄጄ ብረቴን አነሳሁ፤ ከማንም ጋር አልገጠምኩም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የልምምድ ቆዳ አለ፤ እሱን እስኪቀደድ ወጋሁት። ብረቱ ተሰበረ። በስባሪው ወጋሁት። ሲሞና ከኋላ መጥታ ክንዴን አቀፈችኝ፤ እሷንም በክርኔ መታኋት። አፍንጫዋ ደማ። አልለቀቀችኝም።

ያን ቀን እኔም ጥፋት እንዳለብኝ አወቅሁ። የእትዬ ራሄልን ቀብር፣ በሥርዓት ስም፣ ጣቶቼን ለሰበረ እጅ በአደራ ሰጠሁ። ይህን ጸጸት እኔ እሸከመዋለሁ፤ ለማንም አላካፍለውም። የእርስዎን ግን አልሸከምልዎትም።

ጋሽ ደምሴ፣ የቅሬው አባላት፣ ቃሌ ይህ ነው።

እሱ ሲሞት ቅበሩት። ሰውን በር ላይ መጣል ምን እንደሆነ የማውቅ እኔ ነኝ፤ በማንም ላይ አልፈርደውም። እሳትም ጫሩለት። ይህን የማደርገው ለእሱ ብዬ አይደለም። የእትዬ ራሄል ሬሳ ባዶ መንገድ ላይ ሲያልፍ ዳር ቆማችሁ ያያችሁ እናንተም ናችሁ፤ ለእናንተም አስቤ ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት ንጹሕን እየቀጣ በደለኛን ይጠብቃል። ቶይባ የሠራችውን አይታችሁ እፈሩ።

ጋሼ ገዛኸኝ፣ ይቅርታ ግን አልሰጠሁም። እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ እውነት የይቅርታ ዋጋ አይደለም፤ ድሮም የእኔ ነበር። የእናቴን ድምፅ ሰምቼ ነው ብለዋል። እናቴ ስትጮህ ከበሩ ውጭ ነበሩ፤ እኔ ስጮህም ከበሩ ውጭ ተዉኝ።

ድንጋይ መሸከም ሥርዓት ነው፤ ይሸከሙ። የሚሸከሙት ግን ከወንዝ ዳር የተለቀመ ድንጋይ አይሆንም። ከእናቴ መቃብር ጎን ስሜ የተጻፈበት ድንጋይ አለ። እሱን በገዛ እጅዎ ነቅለው፣ በማጅራትዎ ተሸክመው፣ በገበያው መሐል አልፈው በጋሽ ደምሴ እግር ሥር ያኑሩት። ስሜ ወደ ሰዉ የዞረ ይሁን፤ ሁሉም ያንብበው። ከዚያ ይሰበር። ጉድጓዱ ላይ ራሴን ችዬ እስክመጣ ድረስ ሣር ይብቀልበት።

በእርስዎና በእኔ መካከል ክንዴ አጭር ነው። ስለዚህ ርቀቱን የምመርጠው እኔ ነኝ። መርጫለሁ፦ ከዚህ በኋላ በእርስዎ እጅ የሚያልፍ የእኔ ቃል አይኖርም፤ በእኔ ቤት የሚነበብ የእርስዎ ደብዳቤ አይኖርም። መስከረም ላይ ሌላ ውድድር አለብኝ። ወንበሬን መደቡ ላይ ያስሩታል፣ መሸሻ አይኖረኝም፤ አልፈልገውምም።

ትንፋሼን ሳያዳምጥ «ሞታለች» የሚለኝን አልቀበልም። በሕይወት ስገኝ ደግሞ «ስለተረፍሽ ይቅር በይ» ብሎ የሚያስቸኩለኝን አልቀበልም። በዘመድ ስም፣ በሥርዓት ስም፣ በሐዘንም ስም ቢሆን፣ ጣቶቼን ከያዙት ነገር ላይ የሚያላቅቅ እጅ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ሮማን